ቀንድ ያለው ፋኖስ

ጆሲ ቪልቼክ ሊኖ ፉርታዶን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው በእጁና በጉልበቱ ሲድህ ነው።

የኅዳር ቅዳሜ ረፋድ ነበር። በስፖርት አዳራሹ ሆኪ የሚጫወቱበት የበረዶ ወለል በጣውላ ተሸፍኗል፤ በጣውላው ላይ ለእሁዱ የቤት ውስጥ እግር ኳስ አረንጓዴው ምንጣፍ ተዘርግቷል። የምንጣፉ ኃላፊ ጆሲ ናት። ሰውየው ካፖርቱን ሳያወልቅ መሀል ሜዳ ላይ ተንበርክኮ ምንጣፉን በመዳፉ ይዳብሳል፣ ፈቀቅ ይላል፣ እንደገና ይዳብሳል። አንድ ጊዜማ ጎንበስ ብሎ ያሸተተው መሰላት።

«ምን ጠፋብህ?» አለችው።

«ቀንድ» አላት ቀና ሳይል።

«የምን ቀንድ?»

«የጎሽ። እዚህ አካባቢ መሆን ነበረበት።»

ጆሲ ሳቋ መጣ። በምንጣፉ መሀል የከተማችን ቡድን የኤሪ ፋኖሶች ምልክት ተቀብቷል፤ ትልቅ ቢጫ ፋኖስ ነው። ምንጣፉ ግን ሲገዛም አሮጌ ነበር። የቶፒካ ጎሾች የሚባል ቡድን ሲፈርስ ነው ወደ እኛ የመጣው። የፋኖሱ ቀለም የጎሹን ራስ ቢሸፍነውም፣ መብራቱ ሁሉ ሲበራ ሁለት ቀንዶች ከሥሩ ብቅ ይላሉ። ከተማው ሁሉ ቀንድ ያለው ፋኖስ እያለ ይቀልድበታል። በዚያ ረፋድ ግን መብራቱ ገና ግማሹ አልበራም።

«ትንሽ ወደ ግራ» አለችው። «ከቶፒካ ነህ እንዴ?»

«ነበርኩ።» መዳፉን ወደ ግራ አንሸራተተና ደነደን ያለውን የድሮ ቀለም አገኘው። «ቡድኑም ነበረ።»

«እና ምንጣፉን ልትጠይቅ መጣህ?»

«የግራ ጉልበቴን ቆዳ የበላው እሱ ነው። ዘመዴ ማለት ይቻላል።» አሁን ቀና አለ። ጥቁር፣ ሁሉን ነገር የሚጠይቅ ዓይን ነበረው። «እዚያ ጥግ ላይ የተጠገነ ቦታ አለ። ኳስ እዚያ ስትደርስ ቀጥ ትላለች። አሁንም አለ?»

«አለ።»

«ማንም አላስተካከለውም?»

«ማስተካከል የነበረብኝ እኔ ነኝ። ስሞታ ያቀረበ የለም።»

«እባክሽ አትንኪው» አላት። «በዚህ አገር ቋሚ አድራሻ ያለኝ እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ነው።»

ጆሲ ሰውየውን ከሜዳው ለማስወጣት ብላ የሌለ ሥራ እንዳላት ነገረችው። ሲሄድ ግን በዓይኗ እስከ በሩ ድረስ ሸኘችው፤ ለምን እንደሆነ ለራሷም ገረማት።

*

በዚያው ምሽት እራት ሊበሉ ሲሉ በሩ ተንኳኳ። አባቷ ስታሽ ሲከፍት የፋኖሶች አዲስ ተጫዋች ሊኖ ሻንጣውን ይዞ በረዶ ለብሶ ቆሟል።

ቡድኑ ሆቴል የሚከፍልበት አቅም ስለሌለው ተጫዋቾቹ በደጋፊዎች ቤት ያድራሉ። ስታሽ የባቡር ፋብሪካ ጡረተኛ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከልጁ ከጆሲ ጋር ብቻ ይኖራል። በየዓመቱ አንድ ተጫዋች ካላስተናገደ ክረምቱ የገባ አይመስለውም። የምድር ቤቱ ግድግዳ ላይ በከተማችን ተወልደው የሞቱ የቤት ውስጥ ኳስ ቡድኖች የአንገት ልብስ፣ እንደ ቤተ ዘመድ ፎቶ፣ በተራ ተሰቅሏል።

«ይሄ ራይደርስ ነው፤ ነፍሱን ይማር» አለ ስታሽ ለእንግዳው እያሳየ። «ባለቤቱ የመኪና ነጋዴ ነበር። ይሄ ደግሞ ስቶርም ነው። የጥርስ ሐኪም ነበር ያቋቋመው። የአሁኑ ባለቤት የፍራሽ ነጋዴ ነው።»

«ፍራሽ ደህና ሥራ ነው» አለ ሊኖ። «ሰው መተኛቱን አይተውም።»

«የጥርስ ሐኪሙም ሰው ጥርሱን መታመሙን አይተውም ብሎ ነበር።»

ሁለቱም ሳቁ። ጆሲ አልሳቀችም። የወደደችው አንድ በረኛ ስቶርም ሲፈርስ ሄዷል። ከሚቀጥለው ከተማ እደውላለሁ አላት። ቀጣዩ ከተማ ያለው ቡድንም ፈረሰ፤ ስልኩም ሳይደወል ቀረ። ስታሽ ያኔ የተናገራትን አንድ ቃል አልረሳችም፦ «ከበረዶ ጋር የመጣ ከበረዶ ጋር ይሄዳል፣ ልጄ።» ከዚያ ወዲህ ተጫዋች ከሆነ ሰው ጋር ከሰላምታ ያለፈ ነገር ላለመነጋገር ለራሷ ቃል ገብታለች።

ቃሏን ያስፈረሰው የቨርን ወገብ ነው።

ምንጣፉ የሚዘረጋውና የሚጠቀለለው በቁራጭ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ የሜዳው ወርድ ያህል ይረዝማል፤ ጎን ለጎን ተደርድረው ጫፎቻቸው በሚጣበቅ ጨርቅ ይያያዛሉ። ሲጠቀለል ሁለት ሰው ያስፈልገዋል፤ አንዱ በዚህ ጫፍ፣ አንዱ በዚያ ጫፍ ሆነው እኩል እየገፉ ይሄዳሉ። የጆሲ የዘወትር ባልደረባ ሽማግሌው ቨርን ነበር። ታኅሣሥ ላይ ወገቡ ተቀጨና ወንበር ላይ ተቀምጦ ትእዛዝ ከመስጠት በቀር ሌላ ሥራ አልሆንለት አለ።

«እኔ ልያዘው» አለ ሊኖ ከልምምድ ሲወጣ።

«ተጫዋች ምንጣፍ አይጠቀልልም።»

«ለምን?»

«ጣትህ ቢሰበርስ?»

«የምጫወተው በእግሬ ነው» አለና ጎንበስ አለ።

የመጀመሪያው ጥቅል ለዓይን የሚያስቅ ነበር። ሊኖ ሮጠ፤ የእሱ ጫፍ ቀደመ፤ ጥቅሉ በአንድ በኩል ቀጥኖ በሌላው ወፍሮ እንደ አይስክሬም ኮን ሆነ።

«ጉድ ነው» አለ ቨርን ከወንበሩ። «ዛሬ የልደት ባርኔጣ ነው እንዴ የምንሠራው?»

ጆሲ ፈታችው። «ምንጣፉን አትይ። እኔን እይ።»

«እሺ።»

«እንዲህ አታፍጥ። እርምጃዬን እይ ማለቴ ነው።»

«እርምጃሽን ለማየት አንቺን ማየት አለብኝ። ሌላ መንገድ ካለ ንገሪኝ።»

ቨርን ሳል መሰል ድምፅ አሰማ። ጆሲ ጆሮዋ ሲግል ታወቃት። ግን ሁለተኛው ጥቅል ቀጥ አለ።

ከዚያ በኋላ ሊኖ በየሳምንቱ መጣ። ሲጠቀልልም ሲዘረጋም ይጠይቃል። ለምን በረዶው አይቀልጥም? ለምን የምንጣፉ ፀጉር ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይተኛል? አንዱ ቁራጭ ቢገለበጥ ምን ይሆናል?

«ይጠቁራል» አለችው። «መብራት ሲያርፍበት ከሌሎቹ ጠቆር ይላል። ኳስም ሌላ መንገድ ትይዛለች።»

«ገልብጠሽ ታውቂያለሽ?»

«እስካሁን አልገለበጥኩም።»

«አንድ ቀን እንኳን?»

«መርማሪ ነህ ወይስ ኳስ ተጫዋች?»

«ኳስ ተጫዋች እስከ መጋቢት ነው። ከዚያ በኋላ ምን እንደምሆን እየመረመርኩ ነው።»

እሷም በተራዋ ስለ እሱ ታውቅ ጀመር። እናቱ ፎል ሪቨር በምትባል ከተማ የዳቦ ቤት አላት፤ የፖርቱጋሎች ጣፋጭ ዳቦ ትጋግራለች። በስልክ ባወሩ ቁጥር «ዕድሜህ ሠላሳን አለፈ፣ ሊጡ ይጠብቅሃል» ትለዋለች። ጉልበቱ ጠዋት ጠዋት እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል። ቢሆንም ኳስ ሜዳውን ከከበበው የእንጨት አጥር ነጥራ ተመልሳ እግሩ ሥር ስትገባ የሚሰማውን ነገር፣ ስምም ባያገኝለት፣ መተው አልቻለም።

አንድ ቀን ከሰዓት በረዶ በሆነው ሐይቅ ላይ፣ በረዶውን በስተው ከሚያጠምዱት ዓሣ አጥማጆች ድንኳኖች አልፈው ሲሄዱ ስለ ቶፒካ ነገራት።

«ሻንጣዬን ይዤ ለልምምድ መጣሁ። ወለሉ ባዶ ነበር። ምንጣፍ የለም። ቡድኑ መፍረሱን ያወቅሁት ያኔ ነው።» በረዶውን በጫማው ጫፍ ፋቀ። «የከፋኝ መፍረሱ አይደለም። የአዳራሹ ሠራተኞች ከኛ ቀድመው ያውቁ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ሰላም ሲሉኝ ዓይኔን አያዩም ነበር። እኔ ብርድ ነው ያቀዘቀዛቸው እል ነበር።»

ጆሲ ጓንቷን አወለቀች። እሱም አወለቀ፤ እጅ ለእጅ ተያያዙ። ብርዱ ጣት የሚቆርጥ ነበር፤ ሁለቱም መልሰው ለመልበስ አልቸኮሉም።

*

መጋቢት ላይ ሐሙስ ዕለት አንድ ሰው ሜትር ይዞ መጣ።

ጆሲ ምንጣፉ ከተከመረበት መጋዘን ስትደርስ፣ ሰውየው የጥቅሎቹን ርዝመት እየለካ ነበር። የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ ሚስተር ብራኒገን አጠገቡ ቆሟል። ብራኒገን ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሠራተኛውን ሁሉ የልጆች ስም የሚያውቅ ሰው ነው። እሷን ሲያይ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የዚህ ሙያ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፦ የቤት ውስጥ ኳስ ቡድን ሲሞት መጀመሪያ የሚሸጠው ምንጣፉ ነው።

«መቼ ነው?» አለችው፣ ወደ ጥግ ሲወስዳት።

«የእሁዱ የመጨረሻ ነው። ፍራሹም የቡድኑን ባለቤት አላዋጣውም። ሰኞ ለተጫዋቾቹ ይነገራቸዋል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጆሲ፣ እስከ እሁድ ማታ ከአፍሽ እንዳይወጣ። ከሰሙ ግማሾቹ አይመጡም። እሁድ የትምህርት ቤቶች ቀን ነው፤ አዳራሹ በልጆች ነው የሚሞላው። ትኬት ቆራጩም፣ ቋሊማ ሻጩም የመጨረሻ ቀናቸውን ያጣሉ። ቃልሽን ስጪኝ።»

«ሚስተር ብራኒገን፣ አንዱ ቤቴ ነው የሚኖረው።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የምለምንሽ።»

ያለው ሁሉ እውነት ነበር፤ አስቸጋሪ ያደረገውም ይኸው ነው። ቃሏን ሰጠች። ስትወጣ ሜትር የያዘው ሰው ተከትሏት መጣና ሌላ ነገር ነገራት፤ እሷም ያንን በሆዷ ያዘች።

ዓርብ ካቶሊኮች ሥጋ የማይበሉበት የፆም ቀን ስለሆነ ጆሲና ሊኖ ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የተጠበሰ ዓሣ ሊበሉ ሄዱ። ሊኖ ደስ ብሎታል። በጋውን እዚሁ ቆይቶ ልጆችን ሊያሠለጥን፣ የራሱን ቤት ሊከራይ አስቧል።

«ይሄኛው ቡድን ይቆያል» አለ። «በጥርስ ሐኪሙ ጊዜ እንኳ ይህን ያህል ሰው አይመጣም ነበር ብሏል አባትሽ። ምነው? ዓሣው አልተስማማሽም?»

«አጥንት አለበት» አለች ጆሲ ወደ ሳህኗ እያየች።

ዓይኑን አለማየቷን ስታውቅ ሐይቁ ላይ የነገራት ነገር ትዝ አላት። ቀና ልትል ሞከረች፤ አልቻለችም።

*

ቅዳሜ ምንጣፉን ስትዘረጋ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነበር። ሊኖ ከቡድኑ ጋር የልጆች ቡድኖችን እየጎበኘ ስለነበር ከሆኪ ቡድኑ አንድ ጎረምሳ ተውሳ ነበር የሠራችው። ቨርን እንኳ ሳያይ አለፈ።

እሁድ ከሰዓት መብራቱ ሁሉ ጠፋ። ጭሱ ወጣ፣ ከበሮው ተመታ፣ ተጫዋቾቹ በስማቸው እየተጠሩ በሩጫ ገቡ፤ ልጆቹ ጮኹ። ከዚያ መብራቱ ቦግ አለ። ጆሲም ያን ጊዜ አየችው። ከፋኖሱ ቀጥሎ ያለው ቁራጭ ጠቁሯል። በዚያ ሁሉ አረንጓዴ መሀል አንድ ጥቁር መንገድ ከአጥር እስከ አጥር ተጋድሟል። ፀጉሩ ተገልብጧል።

ከሕዝቡ ልብ ያለው አልነበረም። ሊኖ ግን ቆመ። ጨዋታው ተጀምሮ ሳለ ጥቁሩ መንገድ ላይ ቆሞ ወደ ታች አየ፤ ከዚያ በመስታወቱ ማዶ ጆሲን ፈለገ። ኳሷ በእግሮቹ መሀል አለፈች።

«ፉርታዶ!» አለ የፋኖሶች በረኛ። «ምንጣፍ ታነባለህ እንዴ? ጨርሰህ ንገረን፣ መጨረሻው እንዴት ነው?»

ሊኖ ሮጠ። ወደ መጨረሻው ላይ ኳሷ ያቺ የተጠገነች ቦታ ላይ ደርሳ ቀጥ ስትል፣ እዚያ ሲጠብቃት የነበረው እሱ ብቻ ነበር። አገባ። ፋኖሶች በአንድ ጎል አሸነፉ። ጆሲ አላጨበጨበችም።

ከጨዋታ በኋላ ተጫዋቾቹ ወደ ልብስ መቀየሪያ አይገቡም። ሕዝቡ ወደ ሜዳው ይወርዳል፤ የመጨረሻው ልጅ እስኪሄድ ድረስ ላብ በላብ እንደሆኑ ይፈርማሉ። በየትም ከተማ ያለ የዚህ ጨዋታ ልማድ ነው፤ ደጋፊ በእጅ ነው የሚያዘው። ጆሲ በዚያ ሰልፍ ቆማ አታውቅም። ያን ቀን ከሁሉም ኋላ ተሰለፈች።

ተራዋ ሲደርስ ሊኖ ብዕሩን እንደያዘ አያት። «ምን ላይ ልፈርም?»

«ሊኖ፣ ምንጣፉ ተሽጧል።»

«አውቄያለሁ። አንቺ በደህና ቀን ቁራጭ አትገለብጪም።» ድምፁን ከፍ አላደረገም። «መቼ ነው የሰማሽው?»

«ሐሙስ።»

«ዓርብ አብረን ዓሣ በላን።»

«በላን።»

«አጥንት አለበት አልሽኝ።»

«ቃል አስገብተውኝ ነው። ይህ ሁሉ ልጅ...» እጇን ወደ ወንበሮቹ ዘረጋች።

ሊኖ የብዕሩን ክዳን ቀስ ብሎ ገጠመ። ወደ ባዶዎቹ ወንበሮች፣ ከዚያ ወደ ጥቁሩ መንገድ አየ። «ልጆቹ ደስ ብሏቸው ሄደዋል» አለ። «እሱን አልክድሽም።» ሄደ። ያን ማታ የተኛው በረኛው ባረፈበት ቤት ነው።

*

ሰኞ ጠዋት ለተጫዋቾቹ ተነገራቸው። ሊኖ ሻንጣውን ሊወስድ ሲመጣ ጆሲ ሥራ ሄዳለች። ስታሽ ምድር ቤት ወንበር ላይ ወጥቶ የፋኖሶችን የአንገት ልብስ እየሰቀለ ነበር።

«ያዝልኝ እስቲ ምስማሩን» አለው። «ወዴት ነህ?»

«ወደ እናቴ። ዳቦ ቤት።»

«ጥሩ። ዳቦ አይፈርስም።» ስታሽ መዶሻውን አንዴ መታና አቆመ። «አንተ ልጅ፣ በዚህ ቤት ብዙ ተጫዋች አድሯል። ሁሉም የሰሙት ባዶ ወለል ሲያዩ ነው። ሰልፍ ይዞ፣ ፊት ለፊት ቆሞ የነገረህ ሰው ከዚህ በፊት ነበረህ?»

ሊኖ ምስማሩን በጣቱ አቃናው።

«ዘግይታ ነው» አለ።

«ዘግይታ ነው» አለ ስታሽ። «እኔም ለእናቷ እወድሻለሁ ያልኳት ዘግይቼ ነው። አግብተን ሁለተኛው ዓመት ላይ።»

ጆሲ ምንጣፉን ብቻዋን እየጠቀለለች ነበር። አንዱን ጫፍ ትንሽ ትገፋለች፣ ሮጣ ሌላውን ጫፍ ትገፋለች። ጥቅሉ ጠሟል። ቨርን እንኳ ከወንበሩ አልቀለደም።

በሩ ተከፈተ። ሊኖ ሻንጣውን አጥሩ ሥር አስቀመጠ፤ ወደ ማዶው ጫፍ ሄደና ጎንበስ አለ። ጆሲ የጠመመውን ፈታች፤ እንደገና ጀመሩ። እሱ ምንጣፉን አላየም።

ጥቁሩ ቁራጭ ላይ ሲደርሱ ቆመ። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ።»

«ጠይቅ።»

«አውቀሽ ነው የገለበጥሽው?»

ጆሲ ይህን ጥያቄ ሌሊቱን ሁሉ ለራሷ ስትጠይቅ አድራለች። አዎ ብትል ይቀላት ነበር። «አላውቅም» አለችው። «አፌ ቃል ገብቷል። እጄ አልገባም ነበር መሰለኝ።»

ሊኖ የተገለበጠውን ፀጉር በመዳፉ አስተኛ። ከዚያ መግፋት ጀመረ፤ እሷም ጀመረች።

መጨረሻ የቀረው ፋኖሱ ነው። ቀንዶቹ ከቢጫው ሥር ደምቀው ይታያሉ።

«አሁን ደግሞ ምንጣፉ የት ሊሄድ ነው?» አለ ሊኖ።

«ሮክፎርድ። አዲስ ቡድን ሊያቋቁሙ ነው። ምልክታቸው አውራ ዶሮ ነው አሉ።»

«ቀንድ ያለው ዶሮ።»

«ከነፋኖሱ።» ጆሲ ትንፋሿን ሰበሰበች። «ሜትር የያዘው ሰውዬ ምንጣፉን የሚያውቅ ሰውም እንፈልጋለን፣ አብረሽው ነይ አለኝ።»

የሊኖ እጆች ጥቅሉ ላይ ቆሙ። ከበረዶ ጋር የሚሄደው ሁልጊዜ ተጫዋቹ ነበር፤ አሁን ግን ነይ የተባለችው እሷ ናት። ይህን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ያሰቡት ይመስላል፤ ቀና ብለው ተያዩ።

«ምን አልሽው?»

«አንድ ሰው ብቻውን አይጠቀልለውም አልኩት።»

ከጣውላው ሥር በረዶው ቀጭን ድምፅ አሰማ።

«እኔ እኮ ተጫዋች ነኝ» አለ ሊኖ። የግራ ጉልበቱን ዳበሰ። «ነበርኩ።»

«ስለ ተጫዋች አልጠየቅኩም። የጠየቅኩት ስለዚያኛው ጫፍ ነው።»

«እናቴ ሊጡ ይጠብቅሃል ትላለች።»

«ይጠብቅ ይሆናል። እኔ ግን እስከ ሐሙስ ነው መልስ የምሰጣቸው።»

ሊኖ ሊስቅ ሲል ተወው። እንደ መጀመሪያው ቀን ዓይኑ በጥያቄ ሞላ። «በሮክፎርድ በረዶ አለ?»

«አለ።»

«ሲቀልጥስ?»

ጆሲ ጎንበስ ብላ እጆቿን ፋኖሱ ያለበት ቁራጭ ላይ አሳረፈች፤ እስኪዘጋጅ ጠበቀችው።

«ያኔም ለሁለት ይጠቀለላል» አለችው።

ሊኖ ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል ጫፉን ያዘ። ቨርን ከወንበሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ሲያይ፣ ፋኖሱም ቀንዱም እኩል እየተጠቀለሉ ገቡ።

«ቀጥ ብሏል» አለ ሽማግሌው።